የቤት ውስጥ ጥቃትና ዝምታ፦ በወረርሽኙ ወቅት ተናጋሪም ሰሚም እንዳይጠፋ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰው የቤት ውስጥ ጥቃት የጤና ችግር መሆኑን ይረዳል፤ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ዝም የሚሉበትን ምክንያት ይገነዘባል፤ አንዲት ሴት ችግሯን ስትነግረው እንዴት እንደሚሰማና ወዴት እንደሚመራት ያውቃል። ጥቃቱ የደረሰባት ሴት ራሷ ደግሞ ሕይወቷንና የልጆቿን ሕይወት ለማትረፍ ልትወስዳቸው የምትችላቸውን እርምጃዎች ታገኝበታለች።

መግቢያ

የኮሮና ቫይረስ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ ለኅብረተሰቡ በተደጋጋሚ ከተላለፉት መልእክቶች አንዱ «ቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ነበር። መልእክቱ ከበሽታው አንጻር ትክክል ነበር። ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ ሲቀንስ ቫይረሱ የሚተላለፍበት መንገድም ይጠባል። ይሁን እንጂ ምክሩ ቤት ለሁሉም ሰው መጠጊያ እንደሆነ ታስቦ የተሰጠ ነው። በገዛ ቤቷ ለምትደበደብ፣ ለምትዋረድ ወይም ያለ ፈቃዷ ለምትገደድ ሴት ግን የተዘጋው በር ቫይረሱን ከውጭ ሲያስቀር ጥቃት አድራሹን ከእርሷ ጋር ከውስጥ ያስቀረዋል።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ መጋቢት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ባስተላለፉት መልእክት በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥም ሰላም እንዲወርድ ጠይቀዋል። የድርጅቱ የሥነ ሕዝብ ፈንድም በሚያዝያ ወር ባወጣው ግምት፣ የእንቅስቃሴ ገደቡ ለስድስት ወራት ቢዘልቅ በዓለም ላይ ተጨማሪ 31 ሚሊዮን ፆታን መሠረት ያደረጉ ጥቃቶች ሊፈጸሙ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

የቤት ውስጥ ጥቃት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የቤት ውስጥ ጥቃት ሲባል የሚታየው ዱላው ነው። ጥቃቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። በጥፊ መምታት፣ መግፋት፣ ማነቅ፣ ማቃጠልና በስለት መጉዳት አካላዊ ጥቃት ነው። ያለ ፈቃድ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ማስገደድ ጾታዊ ጥቃት ነው። መሳደብ፣ በሰው ፊት ማዋረድ፣ «እገድልሻለሁ»፣ «ልጆችሽን አታያቸውም» እያሉ ማስፈራራት ሥነ ልቦናዊ ጥቃት ነው። የቤት ወጪ መከልከል፣ ያገኘችውን ገንዘብ መቀማት፣ ስልኳን መውሰድ፣ ከቤተሰቧና ከጎረቤቶቿ እንዳትገናኝ ማገድም ጥቃት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑና ትዳር መሥርተው የሚያውቁ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 34 በመቶ የሚሆኑት በትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ሥነ ልቦናዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህም ከሦስት ሴቶች አንዷ ማለት ነው።

የጤና ጉዳቱም ከቁስልና ከስብራት ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በትዳር አጋራቸው ጥቃት የሚደርስባቸው ሴቶች ለድብርት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም፤ ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድላቸውም በ16 በመቶ ይጨምራል። እናቱ ስትደበደብ እያየ የሚያድግ ልጅም ሳይመታ ይጎዳል፤ እንቅልፉና ትምህርቱ ይታወካል፣ ፍርሃት ያድርበታል።

ሴቶች ለምን ዝም ይላሉ?

በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት ከአራቱ አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም ሰው አልተናገሩም።

ዝምታው ብዙ ሥር አለው። የመጀመሪያው አስተዳደግ ነው። ሴት ልጅ የቤቷን ገመና እንድትሸፍን እየተነገራት ታድጋለች። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለው አባባል በቀልድ መልክም ቢሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ውጤቱም በጥናቱ ታይቷል፤ ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 28 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን የሚመታበት ቢያንስ አንድ ተገቢ ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል። መመታትን እንደ ትዳር ወግ የተቀበለች ሴት «ተበደልኩ» ብላ ለመናገር ቃሉ እንኳ አይመጣላትም።

ሁለተኛው ኑሮ ነው። ቤቱ፣ መሬቱና ገቢው በባል እጅ የሆነባት ሴት «ብናገርስ የት እገባለሁ? ልጆቼን ምን አበላለሁ?» ብላ ትጨነቃለች። ሦስተኛው ፍርሃት ነው። መናገሯ ከታወቀ ጥቃቱ እንደሚብስ ታውቃለች፤ ፍርሃቷም መሠረት ያለው ነው። አራተኛው ከዚህ በፊት ሞክራ የገጠማት መልስ ነው። አንድ ጊዜ ደፍራ የተናገረች ሴት «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ወይም «ምን ብለሽው ነው?» የሚል መልስ ካገኘች ሁለተኛ አትናገርም።

ስለዚህ ዝምታ የድፍረት ማነስ ተደርጎ መታየት የለበትም። ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ያሉባትን አደጋዎች መዝና የወሰደችው ጥንቃቄ ነው። ዝምታው እንዲሰበር ከተፈለገ መለወጥ ያለበት በአደጋዎቹ በኩል ያለው ሁኔታ ነው።

ወረርሽኙ ምን ጨመረበት?

ወረርሽኙ የቤት ውስጥ ጥቃትን አልፈጠረውም፤ ሥራ ማጣትና የገንዘብ ችግርም ለዱላ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። ተመሳሳይ ችግር የደረሰባቸው ብዙ ወንዶች በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም። ሆኖም ጥቃት ባለበት ቤት የገቢ መቋረጥ፣ የመጠጥ መብዛትና ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል መዋል ጥቃቱን ያባብሱታል፤ ያደጋግሙታልም።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ወረርሽኙ የሴቶችን መነጋገሪያ ስፍራዎች መዝጋቱ ነው። በኢትዮጵያ ጥቃት የደረሰባት ሴት እርዳታ ስትሻ በአብዛኛው የምትሄደው ወደ ጎረቤቷና ወደ ቤተሰቧ እንጂ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሐኪም አይደለም። የምትነግራቸውም በቡና ላይ፣ በገበያ መንገድ፣ በወንዝና በቦኖ ውኃ ወረፋ፣ በማኅበር ወይም በዕድር ቀን ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል እነዚህ ስፍራዎች ተቀዛቀዙ። ለበሽታው መከላከያ የግድ ያስፈለገው ርቀት አንዲት ሴት «እስኪ ወዲህ ነይ» ተብላ የምትጠራበትን ደጅም አራቀው። ትምህርት ቤት በመዘጋቱ የልጆቹን ፊት አይቶ «ቤታችሁ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህርም አልነበረም። በሽታውን ፈርተው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የተዉ እናቶች ደግሞ ሰንበሩን አይታ ከምትጠይቃቸው ነርስ ጋር አልተገናኙም።

እንዲህ ባለ ወቅት ሴቲቱ ወጥታ እስክትናገር መጠበቅ አይበቃም። ሰሚው አካላዊ ርቀቱን ጠብቆ ወደ እርሷ የሚደርስበትን መንገድ መፈለግ አለበት።

ዝምታ የሚሰበረው ሰሚ ሲገኝ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች አካሂዶት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው ጥናት ከተካተቱት ስፍራዎች አንዱ የቡታጅራ አካባቢ ነበር። በዚያ ከተጠየቁትና ትዳር ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በአጋራቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። ይህም በጥናቱ ከተገኙት ቁጥሮች ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ከቁጥሩ ባሻገር ጥናቱ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በየአገሩ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ብዙዎቹ ችግራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት ለጠያቂዋ ነበር። ሴቶቹ በዚያ ቀን ድንገት ደፋር አልሆኑም። የተለየው ነገር አጠያየቁ ነው። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ፤ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ጠየቁ፤ ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል ገቡ፤ ሳይፈርዱ አዳመጡ። እንዲህ ያለ ሰሚ ሲገኝ ለዓመታት የተቆለፈ ነገር ይከፈታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ሁሉ፣ በሽታውን ለመናገር የሚያስደፍር ሰው ያጣ ታማሚም መድኃኒት አያገኝም።

የሚሰማ ሰው ምን ያድርግ?

ጎረቤት፣ እናት፣ እኅት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የሃይማኖት አባት ወይም የሥራ ባልደረባ ጥሩ ሰሚ ሊሆን ይችላል። የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ይረዱታል።

1. ብቻዋን ስትሆን መጠየቅ። ባል፣ አማት ወይም ነገር የሚገባው ልጅ ባለበት ስለ ጥቃት ፈጽሞ አይጠየቅም። በስልክ ከሆነ «አሁን ለመነጋገር ይመችሻል?» ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። መልሷ «አይ» ከሆነ ወሬውን ወደ ሌላ ማዞር ይገባል። ስልኳን ሌላ ሰው ሊያየው ስለሚችል የጽሑፍ መልእክት አይላክ።

2. ሳይጫኑ በር መክፈት። አንዲት ትልቅ ሴት የጎረቤቷን ሙሽራ በአጥር በኩል እንዲህ ልትላት ትችላለች፦ «ልጄ፣ ሰሞኑን ፊትሽ ጠቁሮብኛል። እኔ ጋ የገባ ወሬ አይወጣም። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ አለሁልሽ፤ ካልፈለግሽም አልጫንሽም።» ወጣቷ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ ለእናት የሚሆኗትን ሴት፦ «እትዬ፣ በዚህ ወቅት ቤት ውስጥ ጭቅጭቅና ዱላ የበዛባቸው እናቶች ስላሉ ሁሉንም እጠይቃለሁ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብትላቸው ተለይተው የተጠረጠሩ አይመስላቸውም።

3. ማመንና ጥፋተኛ አለማድረግ። «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» የሚለው ጥያቄ እንኳ ወቀሳ አለው። «የደረሰብሽ ነገር ጥፋትሽ አይደለም፤ የነገርሽኝ መልካም አድርገሻል» ማለት ይበቃል።

4. የምትፈልገውን መጠየቅ። የምትፈልገው ሕክምና፣ ማረፊያ፣ የሕግ ምክር ወይም ለጊዜው የሚሰማት ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው የእርሷ ነው። «ዛሬውኑ ትተሽው ውጪ» ብሎ ማዘዝ፣ ወይም ሳያስፈቅዱ ባልየውን ሄዶ መገሠጽ ለከፋ አደጋ ያጋልጣታል።

5. ምሥጢር መጠበቅና ማገናኘት። የሰማውን ለሌላ የሚያወራ ሰው የአንዲትን ሴት አደራ ከመብላቱም በላይ የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ አፍ ያዘጋል። ከፈቀደች ግን ወደሚረዳት ተቋም አብሯት መሄድ ወይም በስልክ ማገናኘት ያስፈልጋል።

የደኅንነት ዕቅድ

ከጥቃት አድራሽ ጋር ለምትኖር ሴት አስቀድሞ ማሰብ ሕይወት ያተርፋል። ጠቡ ሲጀመር ከማዕድ ቤትና ስለት ካለበት ቦታ መራቅ፣ በር ወዳለበት ክፍል መጠጋት ይመከራል። መታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ ጥቂት ገንዘብ፣ የምትወስደው መድኃኒትና ለራሷም ለልጆቿም ጭምብል በአንድ ከረጢት ተዘጋጅተው በምታምነው ሰው ቤት ቢቀመጡ መልካም ነው። ልጆች ከጠቡ መሃል እንዳይገቡ፣ ይልቁንም ወደየትኛው ጎረቤት መሮጥ እንዳለባቸው ሊነገራቸው ይገባል።

ከጎረቤት ጋር የምልክት ቃል መስማማትም ይቻላል። በስፔን የካናሪ ደሴቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጥቃት የሚደርስባቸው ሴቶች መድኃኒት ቤት ገብተው «ጭምብል 19» ሲሉ ባለሙያው ፖሊስ እንዲጠራ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ ሐሳቡም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። በኢትዮጵያ መንደሮች ለዚህ የሚሆን የዕለት ተዕለት ቃል አይጠፋም። ሁለት ጎረቤታሞች «እርሾ አለሽ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ «ድረሽልኝ» ማለት እንዲሆን ቢስማሙ፣ ልጅ ልኮ ማስጠየቅ ማንንም አያስጠረጥርም።

ጥቃቱ እየተደጋገመና እየከፋ ከሄደ፣ ጥቃት አድራሹ ካነቃት፣ የጦር መሣሪያ ወይም ስለት ካወጣ፣ እገድላለሁ ብሎ ከዛተ ወይም ነፍሰ ጡር ሳለች ከመታት አደጋው ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። መታነቅ በውጭ ምልክት ባያሳይም እንኳ በውስጥ ጉዳት ስለሚያደርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሴቲቱ ለመለየት የምትነሣበት ጊዜም አደጋው የሚበረታበት ስለሆነ አወጣጧ በዝግጅትና ከሌላ ሰው ጋር በመመካከር ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ። «ቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ምክር ከጥቃት ለሚሸሽ ሰው አይሠራም። ሕይወቷ አደጋ ላይ ያለ ሴት ጭምብል እስክታገኝ መጠበቅ የለባትም፤ ትውጣ። የሚቀበላት ሰውም በኮሮና ሥጋት በር መዝጋት የለበትም። እጇን ታጥባ፣ ጭምብል አድርጋ፣ ከተቻለ በተለየ ክፍል ወይም አየር በሚገባበት ቦታ እንድታርፍ ማድረግ ይችላል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ

የጤና ተቋማት ለዚህ አገልግሎት ክፍት ናቸው። በተለይ ጾታዊ ጥቃት ከተፈጸመ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ፈጥኖ በተጀመረ መጠን የበለጠ ይሠራል፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ያልታሰበ እርግዝናን የሚከላከለው የድንገተኛ ጊዜ ክኒን እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም እርሱም ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ሌሎች በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚከላከል ሕክምናም አለ። ከተቻለ ከምርመራ በፊት ገላን አለመታጠብ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት መያዝ ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባ ብትመጣም ግን ሕክምናው አይቀርባትም።

አስቸኳይ ሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሕክምናው ይቀድማል፤ ማስረጃውና ክሱ እንደ ፈቃዷ ይከተላል። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ስፍራዎች ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ማዕከል ስለሚገኙ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች አትንገላታም። ማዕከሉ በሌለበት አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ጤና ጣቢያው፣ የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያው ያለው ፖሊስ ጣቢያ የመጀመሪያ መድረሻዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የሕግ ምክር፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ መጠለያ ይሰጣሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎች፣ ወጎችና ልማዶች የተከለከሉ መሆናቸውን ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካልና የጤና ጉዳት ወንጀል የሚያስቀጣ መሆኑን አስፍሯል። ስለዚህ «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ አቤቱታን መመለስ በሕግ መሠረት የለውም።

ይህ የሽማግሌዎችንም ሚና ይመለከታል። ሽምግልና የተጣሉትን በማስታረቅ የተከበረ ባህል ነው። ነገር ግን ዕርቅ የሚሠራው ሁለቱም ሳይፈሩ መናገር ሲችሉ ነው። ዱላ ባለበት ቤት አንደኛው ወገን በፍርሃት ይስማማል፤ ሽማግሌዎቹም ባርከው ሲለያዩ እርሷ ወደዚያው ዱላ ትመለሳለች። እንዲህ ባለ ጊዜ የሽማግሌ ድርሻ ሴቲቱ ተመለሺ ተብላ እንዳትገደድ መጠበቅ፣ አጥፊውንም ፊት ለፊት መገሠጽና ጉዳዩ ወደ ሕግ እንዲሄድ አለማደናቀፍ ነው። ወንዶችም ቁጣቸው ሲገነፍል ከቤት ወጥተው እስኪበርድላቸው መቆየት፣ መጠጥ መተው፣ ከሚያከብሩት ሰው ጋር መማከር ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ለኮሮና ቫይረስ ምልክት የታየበት ሰው ራሱን እንዲገልጽ ኅብረተሰቡ ሲጠየቅ፣ የገለጸው ሰው እንዳይገለልና እንዳይወቀስም አብሮ ተጠይቋል። ሰው የሚናገረው ከተናገረ በኋላ የሚጠብቀውን አይቶ ነውና። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትም እንዲሁ ነው። ሴቶች ዝምታን እንዲሰብሩ መምከር ተገቢ የሚሆነው የሚያምናቸው ጎረቤት፣ የሚቀበላቸው ዘመድ፣ የሚያክማቸው ባለሙያና የሚጠብቃቸው ሕግ ባለበት ነው። ይህንን ማዘጋጀት የእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ዕድርና ቀበሌ ሥራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ሴቶች ችግራቸውን ይነጋገሩባቸው የነበሩ ስፍራዎች የትኞቹ ናቸው? አካላዊ ርቀት ተጠብቆ እንዴት ሊተኩ ይችላሉ?
2. አንዲት ሴት ጥቃት እንደደረሰባት ስትናገር በአብዛኛው የምትሰማው መልስ ምንድን ነው? በምን ዓይነት መልስ ቢተካ ይሻላል?
3. በዕድራችሁ ወይም በማኅበራችሁ አንዲት ሴት ሌሊት ከነልጆቿ ብትሸሽ የሚቀበላት ቤት የትኛው ነው? ይህ ከወዲሁ ተወስኗልን?
4. ከቤታችሁ በጣም ቅርብ የሆነው የጤና ተቋምና ፖሊስ ጣቢያ የት ነው? በ72 ሰዓት ውስጥ ለመድረስ ምን መጓጓዣ አለ?